ከጎጃም ደመና እስከ አይስላንድ ባሕር

ሐምሌን ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ የከረመ ሰው የሰማዩን ጠባይ ያውቀዋል። ጠዋት ጉሙ ይገፈፋል፤ ፀሐይ ለጥቂት ሰዓት ብቅ ትላለች፤ ከቀትር በኋላ ደመናው ጠቁሮ ነጎድጓዱ ይጀምራል፤ ወጨፎው በር ያዘጋል። ገበሬው የሚጨነቀው በቆሎው እንዳይጋደምበት ነው። የዚህ ሰማይ ዝምድና ሃሪኬን እስከሚባለው የአትላንቲክ ውቅያኖስ ብርቱ አውሎ ነፋስ ድረስ እንደሚዘልቅ ግን ለልጆቻችን ሲነገር አልሰማሁም፤ ሊነገራቸው ይገባል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የክረምት ፀሐይ የደጋውን መሬት ስታሞቀው በላዩ ያለው እርጥብ አየር ሽቅብ ይነሣል፤ ሲነሣ ይቀዘቅዛል፤ ደመናም ይሆናል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍስ ጠንካራ ነፋስ አለ። ይህ ነፋስ በተራራውና በነጎድጓዱ ሲታወክ እንደ ማዕበል ይታጠፋል፤ በእጥፋቱ ውስጥም አየሩ ቀስ ብሎ መሽከርከር ይጀምራል።

ወደ አትላንቲክ የሚጓዘው ግን ደመናው ራሱ አይደለም። መስከረም ላይ ነፋስ በጤፍ ማሳ ላይ ሲያልፍ ልብ ብላችሁ እዩ። እያንዳንዱ አገዳ ጎንበስ ብሎ ይመለሳል እንጂ ከሥሩ አይነቀልም፤ ማዕበሉ ግን ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። የሰማዩም እንዲሁ ነው። የእኛ ዝናብ እዚሁ ወርዶ ያልቃል፤ ሽክርክሪቱ ግን ሱዳንን፣ ቻድን፣ ኒጀርንና ማሊን እያቋረጠ በደረሰበት ሁሉ አዲስ ደመና ይወልዳል። በዓመት እንዲህ ያለ ማዕበል 60 ያህል ወደ አትላንቲክ ይወጣል፤ አብዛኛው እዚያው ይበተናል። ውሃው 26.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ሞቆ ከጠበቀውና የላዩ ነፋስ ካልበታተነው ግን ሃሪኬን ሊሆን ይችላል።

አልቤርቶ የተባለው ሃሪኬን እንዲህ ከሆኑት አንዱ ነው። ሂል እና ሊን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ዱካውን ወደ ኋላ ተከትለው የደረሱት በሐምሌ 1992 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ከተሰባሰበ የነጎድጓድ ደመና ዘንድ ነው። ሐምሌ 27 ቀን ከአፍሪካ ጠረፍ ወጣ። ፍልሰታ ሲገባ ሃሪኬን ሆኖ ነበር። ነሐሴ 6 ቀን ነፋሱ በሰዓት 205 ኪሎ ሜትር ደረሰ፤ ከዚያ ደከመ፤ ባሕሩ መሐል ትልቅ ክብ ዞሮ በቡሄ ሰሞን እንደገና በረታ። ከተማ አላፈረሰም፤ የሰው ሕይወትም አልጠፋበትም። ጾሙ በተፈታ ማግስት፣ ነሐሴ 17 ቀን፣ ከአይስላንድ በስተደቡብ ቀዝቃዛው ውሃ ላይ ሃሪኬንነቱ አበቃ።