ስለ አሮጌ ስኩተር ሲሊንደር ማንነት የተደረገ ምልልስ

ወጣት፦ ጋሼ፥ በዚህ ጋዜጣ የጠቀለልሁትን ሲሊንደር እንዲመለከቱልኝ ብዬ ነው የመጣሁት። የቬስፓዬ፥ የ150ዋ፥ ሲሊንደር ስላረጀ በምትኩ ገዛሁት፤ ሻጩም ለእርሷው የተሠራ የኢጣልያ ኦሪጅናል ነው ብሎኛል።

አዛውንት፦ አረፍ በል። ለመሆኑ ኦሪጅናልነቱን በምን አስረዳህ?

ወጣት፦ የሞተር ቁጥሩ የተጻፈበትን ሊብሬ አሳየኝ።

አዛውንት፦ ሊብሬ! የብዙ ሰው ጥፋት የሚጀምረው ከዚህ ነው። የሞተር ቁጥር የሚመታው በሞተሩ ቤት ላይ ነው እንጂ በሲሊንደሩ ላይ አይደለም። በአንተይቱ ዓይነት ቬስፓ ቁጥሩ «ቪቢቢ1ኤም» ብሎ ሲጀምር የመጨረሻይቱ ፊደል ሞተር ማለት ናት፤ በሻንሲው ላይ ያለው «ቪቢቢ1ቲ» ደግሞ በኢጣልያኖች ልሳን ቴላዮ፥ ይኸውም ሻንሲ ማለት ነው፤ ሲሊንደሩ ግን በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስም አልባ ሆኖ በአራት ብሎን የተያዘ እንግዳ ነውና፥ ቴስታታውን ፈትቶ እርሱን አውጥቶ ሌላ መተካት ለአንድ ተለማማጅ መካኒክ የግማሽ ቀን ሥራ ሲሆን፥ ሊብሬው ይህን ሁሉ ሳያውቅ ያንኑ የቀድሞውን ነገር ሲመሰክር ይኖራል።

ወጣት፦ እንግዲያስ በምን ይታወቃል?

አዛውንት፦ ከራሱ ከሥጋው ነዋ! ጊዛ የሚሉት ብረት ቀልጦ በቅርጹ ውስጥ ሲፈስስ አብሮ የተወለደ ጽሕፈት ካለ፥ ከገጹ ጎልቶ ይቆማልና በክንፎቹ መካከልና በእግሩ ዙሪያ ፈልገው፤ ወደ ውስጥ የተጎደጎደውን ቁጥር ግን መዶሻና መምቻ ያለው ሁሉ በፈለገው ቀን ሊያሳርፈው ይችላል። ደግሞም የላይኛውን ገጽ በላምባ አጥበህ ወደ ብርሃን ብታዘነብለው፥ በአፉ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ክብ መስመር የታየህ እንደ ሆነ፥ ሆዱ ተቦርቡሮ ሌላ ቱቦ የተሰካበት መሆኑን ዕወቅ። የፒስተኑንም ራስ ከጥቀርሻው ጥረገውና የተመታውን አንብብ፤ 57 ያለው በመነሻው ልክ ነው፤ 57.2 ወይም 57.4 ቢል ሲሊንደሩ በየጊዜው እየተሞረደ ሰፍቷል ማለት ነው፤ መስፋቱ ግን ያረጀ ያሰኘዋል እንጂ ባዕድ አያሰኘውም።

ወጣት፦ ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የተማሩት ከደረሰብዎት ነገር ይሆን?

አዛውንት፦ የወርቅ ጥርስ የነበረው አንድ ነጋዴ ነው ያስተማረኝ፤ ስሙን አልጠራም። «150 ኤልአይ» የሚል ቁጥር የተመታባትን ላምብሬታ ሲሸጥልኝ፥ ከእናቷ ማኅፀን እንደ ወጣች ናት፥ የሰው እጅ አልነካትም ብሎ ማለልኝ፤ እኔም ቁጥሩን በጣቴ ዳስሼ፥ ከሊብሬው ጋር አስተያይቼ፥ ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁት። በማግስቱ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ስወጣ ከኋላዬ የተቀመጠችው ባለቤቴ ወርዳ በእግሯ ቀደመችኝ! እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ሳይቀሩ ቆመው አዩኝ። ሦስት ወር ሙሉ ካርቡሬተር ስጠርግ፥ ካንዴላ ስለውጥ፥ የማርሜታውን ጥቀርሻ ሳቃጥል ከረምሁና በመጨረሻ ቴስታታውን አንሥቼ የሲሊንደሩን ስፋት ብለካው፥ 57 ሚሊሜትር መሆን የሚገባው 52 ሆኖ አገኘሁት። የ125ቱን ሲሊንደር በ150ው ቤት ላይ አስቀምጦልኛል! ይህም የተቻለው፥ በኤልአይ ወገኖች ዘንድ ፒስተኑ የሚመላለስበት ርቀት በሁሉም 58 ሚሊሜትር ስለሆነ፥ 52ቱ 123 ሲሲ፥ 57ቱ 148 ሲሲ ሆነው በአንድ ቤት ላይ ያለ ጠብ ስለሚቀመጡ ነው።

ወጣት፦ ምናልባት ነጋዴውም አላወቀ ይሆናል፤ ከእርሱ በፊት የነበረው ባለቤት ለውጦት ቢሆንስ?

አዛውንት፦ ሻይህ በረደ፥ ጠጣ። አላወቀም ትላለህ? ጥርሱን እያሳየ ሲስቅ አልነበረምን? ይልቅስ ስማኝ። ፒያጆ በፖንቴዴራ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ በነደፈው 98 ሲሲ ቬስፓ እ.ኤ.አ. በ1946 ጀመረ፤ ኢኖቼንቲ በሚላኖ ላምብራቴ ሰፈር በ1947 ላምብሬታን አወጣ፥ በ1971ም እርሷን መሥራቱን አቆመና መሣሪያው ወደ ሕንድ አገር ተሻገረ፤ ይህን ሌላ ቀን እናወራዋለን። ለዛሬው የሚጠቅምህ፥ ልኬትም ብቻውን እንደ ሊብሬው ሊያሳስት መቻሉ ነው። በ1955 የወጣው ጂኤስ የሚባለው ቬስፓና የአንተይቱ ቪቢቢ ሁለቱም ስፋታቸው 57፥ የፒስተናቸው ምልልስም 57 ሚሊሜትር፥ ይዘታቸውም 145 ሲሲ ነውና፥ በካሊፐር ብቻ የሚፈርድ ሰው መንትዮች ናቸው ይላል። ነገር ግን ጂኤሱ ቤንዚንና አየሩን የሚቀበለው በሲሊንደሩ ጎን በተከፈተ መስኮት ሲሆን፥ ቪቢቢው ከታች በሞተሩ ቤት በኩል፥ ክራንክ ሻፍቱ እየዞረ በሚከፍተውና በሚዘጋው በር ነው፤ ስለዚህ የቪቢቢ ሲሊንደር የካርቡሬተር መስኮት የለውም።

ወጣት፦ ጋሼ፥ የእኔን ገና አልፈቱትም እኮ።

አዛውንት፦ እውነትህን ነው፤ እስቲ አምጣው። ጋዜጣውን ቀስ ብለህ ላጠው፥ ዘይቱ ይዞታል። ጊዛው ደኅና ነው፥ ክንፉም አልተሰበረም። ይህን አየኸው? ጣትህን አስገባበት።

ወጣት፦ በጎኑ መስኮት አለው!

አዛውንት፦ ኦሪጅናልስ ኦሪጅናል ነው፤ የአንተ ግን አይደለም። ጂኤስ ያለው ሰው ቢያገኘው እጅህን ይስም ነበር። ለመሆኑ የሸጠልህ ሰው የወርቅ ጥርስ አለው?

ወጣት፦ ኧረ የለውም ጋሼ፥ ገና ልጅ ነው።

አዛውንት፦ እንግዲያው ልጁ ይሆናል።