የድሮ የአሜሪካ ቤት የምግብ አሠራር መጻሕፍት ለምን ይናፍቃሉ?

ዛሬ የፈለግነው ምግብ አሠራር ስልካችን ላይ አለ። ሆኖም በአሜሪካ የአሮጌ መጻሕፍት መደብሮች፣ ቅባት የነካቸውና ጠርዛቸው የተበላ የምግብ መጻሕፍት ገዢ አያጡም። ሰዎች በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ምን ይፈልጋሉ? እኛ ተማሪዎችስ እንዴት ልናነባቸው ይገባል?

አጭር ታሪክ

በ1796 በሃርትፎርድ ከተማ የታተመው የአሚሊያ ሲመንስ “አሜሪካን ኩከሪ” በአሜሪካዊ ተጽፎ እዚያው የታተመ የመጀመሪያው የምግብ መጽሐፍ እንደሆነ ይታወቃል። በ1896 ደግሞ ፋኒ ፋርመር የቦስተን የማብሰል ትምህርት ቤትን መጽሐፍ አወጣች። አሳታሚው ስላላመነበት የመጀመሪያውን 3,000 ቅጂ ወጪ የቻለችው ራሷ ናት። የእሷ ትልቅ አስተዋጽኦ ልኬት ነው፤ በስኒና በማንኪያ የተሰፈረው በቢላ ተስተካክሎ ልክ ይሁን አለች። በ1931 የሴንት ሉዊስ ነዋሪዋ ኢርማ ሮምባወር፣ ባሏ በሞተ በዓመቱ፣ “ጆይ ኦቭ ኩኪንግ”ን በራሷ ገንዘብ አሳተመች። መጽሐፏ ከጎረቤት ጋር እንደሚደረግ ጨዋታ ይነበባል።

የሚስበው ምንድን ነው?

“ኖስታልጂያ” የሚለውን ቃል በ1688 የፈጠረው ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የሕክምና ተማሪ ነው። ያኔ ቃሉ የአገር ናፍቆት የሚያመጣውን በሽታ ያመለክት ነበር። ኋላ ግን ያለፈን ዘመን መናፈቅ ማለት ሆነ። የምግብ መጽሐፍ ሁለቱንም ይነካል፤ ቤትንም ዘመንንም ያስታውሳል። በተለይ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ የተጻፈ “ስኳር ቀንሺ” የሚል ማስታወሻ ካለ፣ መጽሐፉ የአንዲት እናት ወይም አያት የእጅ ምልክት ይሆናል። በ1950 የወጣው የቤቲ ክሮከር ባለሥዕል መጽሐፍ በ1998 እንደ ድሮው ተደርጎ እንደገና የታተመው በዚሁ ስሜት ነው። አንባቢው የፈለገው የኬኩን አሠራር ብቻ ሳይሆን፣ ልጅ ሳለ ያየውን ገጽ ጭምር ነበር።

ትዝታ የሚሸፍነው

ይሁን እንጂ ትዝታ ይመርጣል። ቤቲ ክሮከር የምትባል ሴት አልነበረችም፤ በ1921 አንድ የዱቄት ኩባንያ ለደንበኞቹ ደብዳቤ መልስ ለመስጠት የፈጠራት ስም ናት። በሥዕሎቹ ላይ ያለችው ዘወትር ፈገግ የምትል የቤት እመቤትም የሁሉንም ሴት ሕይወት አታሳይም። በብዙ ቤቶች ያበሰሉት ጥቁር ሴቶች ስማቸው በመጽሐፍ ላይ እምብዛም አልሰፈረም። ለዚህ ነው በ1866 በሚሺጋን የታተመው የማሊንዳ ረስል መጽሐፍ ትልቅ ዋጋ ያለው፤ እስካሁን ከሚታወቁት በጥቁር አሜሪካዊት ሴት ከተጻፉ የምግብ መጻሕፍት ቀዳሚው እሱ ነው።

ስናነብ የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች

1. መጽሐፉን ያሳተመው ማነው? ምን ለመሸጥ?
2. አንባቢዋ ምን ዓይነት ምድጃ፣ ገንዘብና ጊዜ እንዳላት ይገምታል?
3. ሠርቶ ሳለ ስሙ ያልተጠቀሰ ማነው?
4. መጽሐፉ የሚነግረን ሰዎች የበሉትን ነው ወይስ ሊበሉ ይገባል የተባለውን?

ለእኛስ?

እናቶቻችን በርበሬና ቅቤን የሚለኩት በዓይንና በእጅ ነው። ወጥ ለመሥራት ወደ ቤት ደውለን “ስንት ልጨምር?” ስንል “እንደሚበቃው” የሚል መልስ ያላገኘን ጥቂቶች ነን። ያ እውቀት ካልተጻፈ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ስትደውሉ፣ ከልኬቱ ጋር ከማን እንደተማሩት፣ የት እንደተማሩትና ሲቸግር በምን ይተኩት እንደነበር ጠይቁ። ስማቸውንም ከላይ ጻፉበት።