መኪና ለምን ወደ ጎን ይጎትታል?

በሬ ጠምዶ ያረሰ ሰው ይህን ያውቃል። አንዱ በሬ ብርቱ፣ ሌላው ደካማ ሲሆን ቀንበሩ እኩል አይሄድም። ብርቱው ይቀድማል፤ ደካማው ይዘገያል፤ ጥንዱም ወደ ደካማው በኩል ይዞራል። ገበሬው ካልመለሳቸው ትልሙ ይጣመማል። የመኪና የፊት ጎማዎችም እንደዚሁ ናቸው።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ እንጓዝ ነበር። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ መሪው ግን ወደ ቀኝ እየጎተተ ሹፌሩን ያታግለዋል። ጎሐ ጽዮን ስንደርስ አቆመ። ከዚያ ወዲያ የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ነው፤ ዳሩ ገደል ነው። ረዳቱ ወርዶ ጎማዎቹን በዱላ መታ መታ አደረገና «ደኅና ናቸው» አለ። ሹፌሩ ግን አላመነም። በመለኪያ ቢለካቸው የፊት ቀኙ ጎማ ከግራው በሩብ ያህል አንሶ ተገኘ። እኛ ተሳፋሪዎች «መሸብን» እያልን እናጉረመርም ነበር።

ዱላ የሚናገረው ጎማ ጨርሶ ሲተነፍስ ነው እንጂ ጥቂት ሲጎድል አይደለም። ንፋስ ያነሰው ጎማ ይረግባል፤ መሬት ላይ ይተኛል። ስለዚህ መንከባለሉ ይከብደዋል፤ እንደ ደካማው በሬ ወደ ኋላ ይይዛል፤ መኪናውም ወደሱ ይዞራል። ጋሪ ያላችሁም ይህን ሳታዩት አትቀሩም። የአንዱ ጎማ ንፋስ ሲያንስ ጋሪው ወደዚያው ይስባል፤ ፈረሱም እሱን ሲታገል ትከሻው ይገጠባል። በመኪና ሲሆን የባሰ ነው። የረገበ ጎማ በፍጥነት ሲሄድ ጎኑ እየታጠፈ እየተዘረጋ ይግላል፤ ግለቱ ሲበዛ ይፈነዳል።

እንግዲያው አብዝቶ መሙላት ይሻላል? አይሻልም። ከልኩ በላይ የተነፋ ጎማ በመሃሉ ብቻ ይቆማል፤ ኮረኮንች ላይ ሲዘል መሬቱን ይለቃል።

ልኩ ለትንሽ መኪና ብዙውን ጊዜ ፒ.ኤስ.አይ. በሚባለው መለኪያ ከ30 እስከ 35 ነው። ለትልቅ የጭነት መኪና ወደ 100 ይደርሳል። ትክክለኛው ቁጥር በሹፌሩ በር አጠገብ ወይም ከመኪናው ጋር በሚመጣው መጽሐፍ ይገኛል። በጎማው ጎን የተጻፈውን አንብባችሁ ልኩ ይህ ነው እንዳትሉ፤ እሱ ጎማው የሚችለው የመጨረሻ መጠን ነው። ደግሞ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ ነው፤ ከሄደ በኋላ ቁጥሩ ከፍ ይላል። የኛ ሹፌር በሞቀው ቢለካም ግራና ቀኙን ለማስተያየት ይበቃ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት የጎማው አቋም ነው፤ ጋራዥ ውስጥ አላይመንት ይሉታል። እስቲ ተነሥተን እንቁምና የእግራችንን ጣቶች ጥቂት ወደ ውስጥ እናዙር። ብዙ መኪኖች የፊት ጎማቸው እንዲህ ነው፤ ከፊት ጫፉ ይቀራረባል። ልዩነቱ የስንዴ ፍሬ ውፍረት ቢያህል ነው። መኪናው ሲሄድ መንገዱ ወደ ውጭ ስለሚገፋቸው ቀጥ ይላሉ። ወደ ውጭ የዞሩ እንደሆነ ግን መኪናው አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይላል፤ ሹፌሩ እጁን አያሳርፍም። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ወደ ጎን ካዘመመም መሪው ይጎትታል።

ይህን የሚያመጣው ድንጋይና ጉድጓድ ነው። ጎማው ሲመታ የመሪው ዘንግ ይጣመማል፤ መጋጠሚያውም ሲያረጅ ይላላል። የቆመ መኪና ጎማ በእጅ ቢዳብሱት ይታወቃል። ጥርሱ እንደ መጋዝ ከሻከረ ወይም አንዱ ጠርዙ ብቻ ካለቀ አቋሙ ተበላሽቷል።

ጥፋቱ የጎማው ይሁን የአቋሙ ካልታወቀስ? መጀመሪያ ንፋሱን ማስተካከል ነው። አሁንም ከጎተተ የፊት ቀኙንና የፊት ግራውን ጎማ ማቀያየር ነው። መጎተቱ ወደ ሌላው ጎን ከዞረ ጥፋቱ ከጎማው ነው፤ ባለበት ከቀረ ጋራዥ መግባት አለበት። የሚጎትተው ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ ደግሞ ፍሬኑ ይታይ።

የኛ ሹፌር እዚያ ድረስ አልሄደም። ጎሚስታው ጎማውን በውኃ ሲፈትሸው የንፋስ መግቢያው ያፈስ ነበር፤ ለወጠውና ሞላው። ቁልቁለቱን ስንወርድ ስለ መምሸቱ ያነሳ ሰው አልነበረም።