ለማይክሮዌቭ ዕቃ የሚገዛ ሰው ምን ማየት አለበት?

የጢስ ዓባይ ቁጥር አንድ የኤሌክትሪክ ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ሲጀምር አቅሙ 11.4 ሜጋ ዋት ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ቁጥር ሁለት 73 ሜጋ ዋት ጨመረበት። ዛሬ በጣና ዳርቻ ሆቴሎችና በባሕር ዳር መኖሪያ ቤቶች ማይክሮዌቭ ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ምድጃውን የሚገዛ ሰው በዋቱና በዋጋው ሲከራከር ይውላል፤ በውስጡ ስለሚያስገባው ሣህን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ገንዘብም ጤናም የሚጎዳው በዚህ በኩል ነው።

ማይክሮዌቭ እንደ ከሰል ምድጃ ከሥር አያነድም። በሰከንድ 2.45 ቢሊዮን ጊዜ የሚርገበገበው ሞገድ በምግቡ ውስጥ ያለውን ውኃ ስለሚያናውጥ ሙቀቱ የሚፈጠረው በምግቡ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጥሩ ዕቃ ማለት ሞገዱን የሚያሳልፍ፣ ራሱ የማይግል ነው። ብረት ሞገዱን ይመልሳል፤ ስስ ከሆነ ደግሞ ብልጭታ ይፈጥራል። ከንፈሩ በወርቅ ቀለም የተከበበው የቡና ሲኒያችን የሚፈነጥቀው በዚህ ምክንያት ነው። በነጭ ቀለም የተለበጠውን የብረት ሣህንም ብዙ ሰው ሸክላ መስሎት ያስገባዋል። ማግኔት ያስጠጉበት፤ ከያዘ ይተውት።

ገበያው ላይ በብዛት የሚሸጠው ቀላልና የማይሰበረው የሜላሚን ሣህን ነው። ለሆቴል አስተናጋጅ ተስማሚ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ምግብ በሜላሚን ዕቃ ማይክሮዌቭ ውስጥ እንዳይሞቅ ይመክራል፤ በተለይ ኮምጣጣ ምግብ ሲግል ኬሚካሉ ወደ ምግቡ ይወጣል። ቆሮሶና አምባዛ ላይ ሎሚ በሚጨመቅበት፣ ጉላሹ በቲማቲም በሚሠራበት አገር ይህ ተራ ማስጠንቀቂያ አይደለም። በሜላሚን ማቅረብ ይቻላል፤ ማሞቅ ግን በሌላ ዕቃ ይሁን።

ፕላስቲክን በተመለከተ ዕቃውን ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል። በሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ቁጥር ካለ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ የሚቀልጠው በ160 ዲግሪ ገደማ ነው። 6 ቁጥር የሆነው ፖሊስታይሪን ግን 100 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፤ 1 ቁጥር የሆነው የውኃ ጠርሙስ ከዚያም በታች ይጨማደዳል። ፌስታልና ያለቀ የእርጎ ዕቃ ደግሞ ለዚህ ሥራ አልተሠሩም። ሆኖም ቁጥሩ የሚናገረው የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ ነው። አምራቹ ለማይክሮዌቭ እንደሚሆን በጽሑፍ ወይም በሞገድ ምልክት መግለጹን ማረጋገጥ ይገባል።

ሻጭ የፈላ ውኃ አፍስሶ «ይኸው፣ አልቀለጠም» ቢል አይታመንም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዘይት የበዛበት ሽሮ ወይም ቅቤ የገባበት ወጥ ግን ከዚህ በላይ ይግላል። ውኃን የቻለ ፕላስቲክ ወጥን ላይችል ይችላል።

ያልተለበጠ ሸክላ ሲታጠብ ውኃ ስለሚመጥ ራሱ ይግላል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ጀበናን ለከሰሉ ይተዉለት። በአጠቃላይ ሙቀት የሚችል ወፍራም መስታወትና ጌጥ የሌለው ነጭ ፖርሴሊን ይመረጣል። ይሁን እንጂ የጋለ መስታወት እርጥብ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ይሰነጠቃል።

ጥርጣሬ ያለበት ሰው ባዶውን ዕቃ ከአንድ ብርጭቆ ውኃ ጎን አስቀምጦ አንድ ደቂቃ ያሙቀው። ውኃው ሞቆ ዕቃው ከቀዘቀዘ ሞገዱን ያሳልፋል ማለት ነው፤ ዕቃው ከጋለ ግን አይሆንም። ብረትና ወርቅ ቀለም ያለበትን በዚህ መንገድ መሞከር ክልክል ነው። ፈተናው ስለ ኬሚካልም አይናገርም፤ ሜላሚን ቢያልፍ እንኳ ፍርዱ አይለወጥም።

በካርቶን የሚያስመጣ ነጋዴ ከመክፈሉ በፊት ናሙና ይጠይቅ፤ ለማይክሮዌቭ ተስማሚነቱንም በውሉ ላይ ያስጽፍ። ሱቅ ያለው ደግሞ ለማሞቂያ የሚሆነውን ከሜላሚኑ ለይቶ በሌላ መደርደሪያ ያስቀምጥ። ሆቴሎችም ሣህኑን ሁሉ መለወጥ አይጠበቅባቸውም፤ ለማሞቂያ ብቻ የሚውሉ ጥቂት የመስታወት ሣህኖች ይበቃሉ።