ከማሳወቅ ወደ ማስረዳት፦ ማኅበራዊ ሚዲያና ዜጎች ከመንግሥት የሚጠብቁት ምላሽ

ማኅበራዊ ሚዲያ በመንግሥትና በዜጎች ግንኙነት ላይ ያመጣው ለውጥ ብዙውን ጊዜ የሚለካው በመረጃ ፍጥነት ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ለውጡ ከፍጥነት አልፎ ዜጎች የሚጠብቁትን የምላሽ ዓይነት መቀየሩን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን በአብነት በመውሰድ ያሳያል።

በግንቦት 2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛ ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ በመሰራጨቱ ፈተናው ተቋረጠ። ድርጊቱን የደገፉ ወገኖች ያነሡት ጥያቄ፣ በተቃውሞው ሳቢያ ትምህርታቸው ለተስተጓጎለ የኦሮሚያ ተማሪዎች የዝግጅት ጊዜ እንዲሰጥ ነበር። ፈተናው በሐምሌ ሲደገም ማኅበራዊ ሚዲያዎች ለጊዜው ተዘጉ።

ከዓመታት በኋላ መንግሥት ራሱ መድረኩን መጠቀም ጀመረ። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ውጤት በጥር 2015 ዓ.ም. ሲገለጽ ተማሪዎች ነጥባቸውን በድረ ገጽና በቴሌግራም ጭምር መመልከት ችለዋል። ይሁን እንጂ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲታወቅ፣ ጥያቄው «ስንት አመጣሁ?» ከሚለው ወደ «ለምን? ተጠያቂውስ ማን ነው?» ወደሚለው ተሸጋገረ።

ይህ ጥያቄ ሕጋዊ መሠረት አለው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ይደነግጋል፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ መረጃ ለተጠየቀ የመንግሥት አካል በመርሕ ደረጃ የ30 ቀን ገደብ ያስቀምጣል። ውጤቱን በቅጽበት ያየ ተማሪ ግን ከዚያ በኋላ የሚከተለውን የ30 ቀን ዝምታ እንደ ሥነ ሥርዓት ሳይሆን እንደ ቸልተኝነት ሊቆጥረው ይችላል።

ክፍተቱ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ውጤትን በስልክ ማድረስ ማሳወቅ ነው፤ ነጥቡ ተሳስቷል ብሎ ለሚያመለክት ተማሪ ምክንያቱን መግለጽ ግን ማስረዳት ነው። የመጀመሪያው መፋጠኑ የሁለተኛውን መዘግየት ይበልጥ ጎልቶ እንዲታይ ያደርገዋል።

መፍትሔው በማኅበራዊ ሚዲያ ለጮኸ ሁሉ ፈጥኖ መልስ መስጠት አይደለም። እንዲህ ከሆነ ስልክና ኢንተርኔት የሌለው የገጠር ተማሪ ድምፁ ሳይሰማ ይቀራል። እያንዳንዱ አቤቱታ መለያ ቁጥር፣ የታወቀ የምላሽ ቀንና በጽሑፍ የተገለጸ ምክንያት ሊኖረው ይገባል፤ ይኸው አገልግሎት በስልክም ሆነ በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በእኩል መሰጠት አለበት።