በኩራዝ ብርሃን የተነሣ ፎቶግራፍ፤ ስለ እጅ ስልክ ካሜራ ሴንሰር



ባለፈው ዓመት ለገና በዓል ወደ አገር ቤት ሄጄ ሳለሁ መብራት በመጥፋቱ፤ አያቴ በኩራዝ ብርሃን ተቀምጠው ጥጥ ሲፈትሉ በእጅ ስልኬ ፎቶግራፍ አነሣኋቸው። በዚያች ሰዓት ፊታቸው ለዓይኔ ቁልጭ ብሎ ይታየኝ ነበር። በማግሥቱ ፎቶግራፉን አጉልቼ ስመለከተው ግን ጉንጫቸውና ግንባራቸው አሸዋ የተበተነበት ይመስል በቀይና በአረንጓዴ ነጠብጣብ ተሸፍኖ አገኘሁት። አያቴ በሰኔ ወር ዐረፉ፤ ከዚያች ሌሊት በኋላም ፎቶግራፍ ያነሣቸው ሰው የለም። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የስልኩ? እያልኩ ስመረምር የደረስኩበትን ነገር ለእናንተም ለማካፈል ይህን ጽሑፍ አዘጋጀሁ።

በስልክ ካሜራ ውስጥ ከሌንሱ ጀርባ ከጣት ጥፍር የማይበልጥ የሲሊኮን ገበታ አለ፤ ስሙም ሴንሰር ይባላል። በገበታው ላይ ፒክስል የሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች በሚሊዮን እየተቈጠሩ ተደርድረዋል። ብርሃን ፎቶን በሚባሉ ቅንጣቶች ይመጣል፤ ፎቶኑ በሲሊኮኑ ውስጥ ሲዋጥ አንድ ኤሌክትሮን ያስለቅቃል። እንግዲህ የካሜራው ሥራ በየፒክስሉ የተጠራቀሙትን ኤሌክትሮኖች መጠን ለክቶ በቍጥር መጻፍ ነው።

ነገሩን ለመረዳት በክረምት ደጅ ላይ የተደረደሩ ጣሳዎችን ማሰብ ይበቃል። ዶፍ ሲዘንብ ጣሳዎቹ ሁሉ እኩል ይሞላሉ። ካፊያ ሲሆን ግን በአንዱ ጣሳ 5 ጠብታ፤ በጎረቤቱ 9 ጠብታ ሊወድቅ ይችላል፤ ይህም ሰማዩ ስላዳላ ሳይሆን የዕድል ነገር ነው። ብርሃንም እንዲሁ ነው። በአማካይ 10,000 ፎቶን በሚደርሰው ፒክስል ላይ የዕድሉ መለዋወጥ የቍጥሩ ስኩዌር ሩት፤ ማለት 100 ያህል ነው፤ ይህም ከመቶ 1 ስለሆነ ዓይን አያስተውለውም። 100 ፎቶን ብቻ ሲደርስ ግን መለዋወጡ 10 ይሆናል፤ ከመቶ 10 ማለት ነው። በአያቴ ጉንጭ ላይ ያየሁት አሸዋ በአብዛኛው ይኸው ነው። ይህን ስሌት በደብተሬ ላይ ሠርቼ ስጨርስ ስልኩን መርገሜን ተውኩ።

ዝናቡ ካፊያ መሆኑ ሳያንስ ጣሳውም ትንሽ ነው። የብዙ ስልኮች ፒክስል ጎኑ 1 ማይክሮሜትር ገደማ ሲሆን የሰው ጠጉር ውፍረት ግን ወደ 70 ማይክሮሜትር ይጠጋል። የፒክስሉ ጎን በግማሽ ሲያጥር ስፋቱ፤ የሚቀበለውም ብርሃን፤ ሩብ ይሆናል። በዚያም ላይ ቀለም ለመለየት በየፒክስሉ ላይ ቀይ፤ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ማጣሪያ ስለሚደረግ ከሚመጣው ብርሃን አብዛኛው በማጣሪያው ይቀራል።

ወደ ታሪኩ ልለፍ፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በ1969 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ ሲሲዲ የተባለውን አሠራር አፈለቁ፤ በ2009ም ለዚሁ ሥራቸው የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ። ሲሲዲ ኤሌክትሮኖቹን ከፒክስል ወደ ፒክስል፤ ውሃ እንደሚቀባበሉ ሰዎች፤ እያሻገረ ወደ ጫፍ ያደርሳል፤ ነገር ግን ኃይል ይፈጃል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኤሪክ ፎሰም የተባለ መሐንዲስ በናሳ የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ለጠፈር መንኰራኵር የሚሆን ቀላል ካሜራ ሲሻ፤ በየፒክስሉ ውስጥ ማጉያ ያለበትን ሲሞስ ሴንሰር አዳበረ። በ1995 ከባልደረቦቹ ጋር ፎቶቢት የተባለ አነስተኛ ኩባንያ አቋቋመ፤ ማይክሮን የተባለው ትልቅ ኩባንያም በ2001 ገዛው። ዛሬ በየኪሳችን ያለው ካሜራ የሚሠራው በሲሞስ ነው።

እኔን ይበልጥ የማረከኝ ግን ኢንቪሴጅ የተባለው ኩባንያ ነው። ይህ ኩባንያ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህር በኤድዋርድ ሳርጀንት ምርምር ላይ ተመሥርቶ በ2006 ተቋቋመ፤ መቀመጫውም ካሊፎርኒያ ነበረ። ሐሳባቸው፤ ጣሳውን ማስፋት ካልተቻለ ጠብታውን የሚቀበለውን ነገር እንለውጥ የሚል ነው። ሲሊኮን ብርሃንን ቶሎ አይውጥም፤ ቀይ ብርሃን እስኪዋጥ ድረስ ጥቂት ማይክሮሜትር ዘልቆ ይገባል። ስለዚህ እርሳስና ድኝ ከተዋሐዱበት ነገር፤ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ የሚሆኑ ኳንተም ዶት የተባሉ ቅንጣቶችን በፈሳሽ ውስጥ አዘጋጅተው በሲሊኮኑ ላይ እንደ ቀለም ቀቡት። ስስ የሆነው ቅብ ብርሃኑን ሲውጥ ለሲሊኮኑ የሚቀረው መለካትና መቍጠር ብቻ ነው። የሚያስደንቀውም ነገር፤ ንጥረ ነገሩ ሳይለወጥ የቅንጣቱ መጠን ብቻ ሲለወጥ የሚውጠው የብርሃን ዓይነት መለወጡ ነው። ይህን ሳነብ ኬሚስትሪን መጥላቴ ቀረ ብል መምህራችን አያምኑኝም ይሆናል።

ሥራው ግን ቀላል አልነበረም። እንዲህ ያሉ ቅንጣቶች ከአየር ጋር ሲገናኙ ይበላሻሉ፤ በፍጹም ጨለማም ቢሆን ጥቂት የኤሌክትሪክ ፍሰት ስለሚያሾልኩ፤ ዝናብ ሳይዘንብ ጣሳው ውስጥ ውሃ እንደመገኘት ያለ ነገር ነው። ሌላም ችግር ነበረ። በሲሊኮኑ ፊት የተዘረጉት ሽቦዎች ብርሃን ይጋርዱ ነበርና ቅቡ ከሽቦዎቹ በላይ መሆኑ ትልቅ ጥቅሙ ነበረ። ይሁን እንጂ ኢንቪሴጅ በ2010 ሥራውን ለሕዝብ ሲያስተዋውቅ፤ ሶኒ ከአንድ ዓመት በፊት ሲሊኮኑን ገልብጦ ብርሃን በጀርባ እንዲገባ ያደረገ ሴንሰር ለገበያ አውጥቶ ነበር። ያን ያህል የተደከመበት ብልጫ በአንድ መገልበጥ መጥበቡ ያሳዝነኛል። በ2017 አፕል ኢንቪሴጅን ገዛው። አንዳንድ ጓደኞቼ ተሸነፈ ይላሉ፤ እኔ ግን የማይረባ ነገር ገንዘብ ወጥቶበት አይገዛም እላለሁ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ነገር ልፈትን ብዬ፤ ስልኩን በርጩማ ላይ አቁሜ ታናሽ እኅቴን በኩራዝ ብርሃን፤ እባክሽ አትንቀሳቀሺ እያልኩ እየለመንኳት፤ 16 ጊዜ አነሣኋት። ፎቶግራፎቹን በኮምፒዩተር ደራርቤ አማካያቸውን ስወስድ አሸዋው ስሌቱ እንደሚለው ወደ ሩብ ገደማ ወረደ። የአያቴ ግን አንድ ብቻ ናት። አባቴ እንዳለች አሳትሞ በሳሎናችን ግድግዳ ላይ ሰቅሏታል፤ ከበሩ አጠገብ ሆኖ ለሚያያት ነጠብጣቡ አይታይም።