ቅጠሉ ሳይረግፍ፦ ለፖም ዛፍ ዩሪያ አረጫጭ

ከደሴ ቁልቁል ወርዶ ገራዶ ሜዳ ላይ በመስኖ አትክልት የሚያለማ ገበሬ ዩሪያን በደንብ ያውቀዋል። የሚያውቀው ግን ስር ላይ ሲጣል ነው። እዚያው ጓሮው ዳር ፖም፣ ኮክ ወይም ፕሪም የተከለ ሰው ያንኑ ዩሪያ በውሃ በጥብጦ ቅጠል ላይ ቢረጨው፣ ዛፉ ለመጪው ዓመት አበባ የሚሆን ስንቅ ይቋጥርበታል። ሁሉ ነገር የሚወሰነው በጊዜው ነው።

ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ቅንጣቱ ትንሽና ኤሌክትሪክ ሙል የሌለው በመሆኑ የቅጠሉን ሰም አልፎ መግባት አይከብደውም። የፖም ቅጠል መተንፈሻ ቀዳዳዎቹ ያሉት በታችኛው ገጹ ነው፤ ሰሙም እዚያ ይሳሳል። ውስጥ ከገባ በኋላ ዩሪኤዝ የሚባል ኢንዛይም ወደ አሞኒያ ይሰብረዋል፤ ቅጠሉም አሞኒያውን ወዲያው አሚኖ አሲድ ያደርገዋል። ዛፉ በማደግ ላይ ከሆነ ይህ ናይትሮጅን ወደ ለጋ ቅርንጫፍና ወደ ፍሬ ይሄዳል። ፍሬው ተለቅሞ ብርዱ ሲገባ ግን መንገዱ ይቀየራል፤ ያረጀው ቅጠል የራሱን ፕሮቲን ሳይቀር እያፈረሰ ወደ ቅርንጫፍ፣ ወደ ግንድና ወደ ስር ይልካል። በቅርፊቱ ውስጥ እንደገና ፕሮቲን ሆኖ ይቀመጣል። በበጋው መጨረሻ እምቡጥ ሲፈነዳ መጀመሪያ የሚበላው ይኸው ነው። ወሎ ውስጥ ደግሞ የበልጉ ዝናብ ከዘገየና መስኖ ከሌለ፣ ደረቅ አፈር ውስጥ ያለ ስር የሚስበው ናይትሮጅን እምብዛም ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው። መጀመሪያ ዛፉን ይመልከቱት። ቅርንጫፉ በአንድ ዓመት ከመጠን በላይ የተወነጨፈ፣ ቅጠሉም ጥቁር አረንጓዴ ከሆነ ርጭቱን ይተዉት። ናይትሮጅን የበዛበት ፖም ፍሬው በደንብ አይቀላም። ቅጠሉ የገረጣ ወይም ፍሬ በብዛት የሰጠ ዛፍ ነው የሚፈልገው።

ጊዜው ፍሬ ከተለቀመ በኋላ፣ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሆኖ እርጅና ሲጀምረው ነው። ቀድመው ከረጩ ዛፉ ለጋ ቅጠል ያወጣና የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ያቃጥለዋል። ከዘገዩ ደግሞ ቢጫ የሆነ ቅጠል የተሰጠውን አይቀበልም።

መርጫውን ነገር አደራ። ስንዴ ወይም ጤፍ ላይ ቱፎርዲ የሚባለው የአረም መድኃኒት የተረጨበትን የጀርባ መርጫ ለፍራፍሬ አይጠቀሙ። አንድ ሁለቴ በውሃ ማለቅለቅ አይበቃውም፤ የቀረችው ትንሽ መድኃኒት ቅጠሉን ታጣምመዋለች። ለብቻው የሚሆን ከሌለ ከጎረቤት ንጹሕ መርጫ መዋስ ይሻላል።

ለዚህ ወቅት 3 በመቶ ይበቃል። ለ16 ሊትር መርጫ 480 ግራም ማለት ነው፤ በእፍኝ አይገመትም፣ ሱቅ ወስደው ያስመዝኑት። ሲሟሟ ውሃው እጅ እስኪቆረጥም ይቀዘቅዛል፤ ይህ የዩሪያ ጠባይ ስለሆነ አያስደንግጥዎት። ፍሬና ለጋ ቅጠል ያለበት ዛፍ ላይ ግን 3 በመቶ ያቃጥላል፤ በዚያ ጊዜ 80 ግራም ለ16 ሊትር፣ ማለትም ግማሽ በመቶ፣ ይበቃል።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ይርጩና ሦስት አራት ቀን ይጠብቁ። የቅጠሉ ጠርዝ ካልተቃጠለ ሌላውን ይቀጥሉ። ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ፣ ነፋስ ሳይኖር ይርጩ። ውሃው ቶሎ ከደረቀ ዩሪያው ቅጠል ላይ ነጭ ጨው ሆኖ ይቀራል። አፍንጫውን ከታች ወደ ላይ ያዙሩት፤ ጠብታ መንጠባጠብ ሲጀምር ያቁሙ። አብዛኛው የሚገባው በ2 ቀን ውስጥ ስለሆነ ዝናብ ያዘለ ሰማይ ካዩ ያቆዩት። 2 ሊትር የሚበቃው ወጣት ዛፍ 60 ግራም ዩሪያ፣ ማለትም 28 ግራም ያህል ናይትሮጅን ይደርሰዋል። ይህ የፍግን ቦታ አይተካም።

ብዙዎች የሚቸኩሉት ከዚህ በኋላ ባለው ነገር ነው። በደጋችን ብርዱ ዛፉን በደንብ ስለማያስተኛው ፖም ቅጠሉን በሙሉ አያራግፍም፤ አትክልተኛውም አበባ እንዲያብብለት በእጁ ይመለምለዋል። ዘዴው ራሱ ትክክል ነው፤ በኢንዶኔዥያ ባቱ የሚባለው የፖም አገር የሚኖረው በዚህ ነው። ነገር ግን ገና አረንጓዴ የሆነ ቅጠል መመልመል ስንቁን መሬት ላይ መጣል ነው። ከርጭቱ በኋላ ቢያንስ 3 ሳምንት ይታገሱ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቅጠሉ ከተቀበለው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ወደ እንጨቱ አስተላልፏል። ከዚያ ቢመለምሉት ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ የተመለመለውንም ከፍግ ጋር ያብላሉት።

በቆላ ቀመሱ ኮምቦልቻ ጉዳዩ ሌላ ነው። ብርቱካንና አቮካዶ ቅጠላቸውን ባንዴ ስለማያረግፉ ስንቃቸውን ባብዛኛው ቅጠላቸው ውስጥ ይዘው ይከርማሉ። መመልመል የለም፤ ርጭቱም ከ1 በመቶ አይበልጥ። ትልቁ ፈተና በዩሪያ ውስጥ የሚገኘው ባዩሬት ነው፤ ብርቱካንና አቮካዶ አይችሉትም፣ የቅጠላቸው ጫፍ ቢጫ ይሆናል። ለእነሱ የሚረጨው ዩሪያ ባዩሬቱ ከ0.25 በመቶ በታች መሆን አለበት፤ ለአፈር የሚሸጠው ግን 1 በመቶ ያህል ሊኖረው ይችላል። ጆንያው ላይ መጠኑ ካልተጻፈ ልማት ሠራተኛውን ይጠይቁ፤ እሱም ካላወቀ ያንን ዩሪያ ከግንዱ ራቅ አድርገው አፈር ውስጥ ይቅበሩትና ውሃ ያጠጡበት።